በእጅዎ ያሳዩኝ



አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና አንድ ነገር በዪን» ሲሉኝ፣ ስለ ፈረንሳይኛ ላውራ አልኳቸው። ግር ብሏቸው ነበር፤ ግን ፈቀዱልኝ።

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ሁለት ሴሚስተር ፈረንሳይኛ ተምሬአለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ልጅ አናቶሚው አልበቃት ብሎ ነው?» እያላችሁ ትስቁብኝ ነበር። መምህራችን ግሥ ከማስረባት አልፈው ስለ ዳካር፣ ስለ አልጀርስ፣ ስለ ማርቲኒክ ይነግሩን ነበር። ፍራንትዝ ፋኖንን ያወቅሁት እዚያ ክፍል ነው። ማርቲኒክ ተወልዶ፣ ፈረንሳይ ሕክምና ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 አልጄሪያ፣ ብሊዳ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ሄደ። አረብኛ ስለማይችል ሕመምተኞቹን በአስተርጓሚ ነበር የሚያነጋግረው። እኔ ይህን ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ማታ ተረኛ ሆኜ፣ ከጅቡቲ የመጡ እናት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። የስኳር ሕመም አለባቸው። አማርኛ አይችሉም። «ጄ ማል ኦ ኬር» አሉኝ። ቃል በቃል «ልቤን አመመኝ» ነው፤ ፈረንሳዮች ግን እንዲህ ሲሉ «አቅለሸለሸኝ» ማለታቸው ነው። ይህን በማወቄ እንዴት እንደኮራሁ! አጠገቤ ለነበረው ኢንተርን «ልብ እንዳይመስልህ» ብዬ አስረዳሁና የማቅለሽለሽ መድኃኒት አዘዝኩ።

ሲስተሯ ፈረንሳይኛ አታውቅም። ጎንበስ ብላ፣ እጃቸውን ይዛ፣ የት ጋ እንደሚያማቸው በምልክት ጠየቀቻቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ኢሲጂ ስናነሳ ሃርት አታክ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ሴትዮዋ ቤታቸው የሚያወሩት ሶማልኛ ነው። ፈረንሳይኛውን ያገኙት ከትምህርት ቤት ነው፤ ልባቸውን ስላመማቸው «ልቤን» አሉ። እኔ ደግሞ የፓሪስን አነጋገር ሰማሁባቸው። ለነገሩ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ማቅለሽለሽ ራሱ የልብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ኩራቴ ይህንንም አስረሳኝ። ፋኖን ቋንቋውን እንደማይችል ስለሚያውቅ አስተርጓሚ ጠራ። እኔ አውቃለሁ ብዬ ማንንም አልጠራሁም።

ዛሬ ፈረንሳይኛን በየዕለቱ ከሚናገሩት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ዳካር ላይ ከወሎፍ፣ ኪንሻሳ ላይ ከሊንጋላ፣ ጅቡቲ ላይ ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር ተጎራብቶ ይኖራል። አዲስ አበባም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናትና እነዚህ ሁሉ ሰዎች በራችንን ያንኳኳሉ።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። የሕክምና ተማሪ ፈረንሳይኛ ልማር ብሎ ሲመጣ «ምን ያደርግልሃል?» ብላችሁ አትመልሱት። ስታስተምሩትም ከሰዋስዉ ጋር ዳካርንና ጅቡቲንም አስተምሩት። የሁለት ሴሚስተሩ ትምህርት ጠቅሞኛል፤ የጎዳኝ በቃኝ ማለቴ ነው።

እኔም ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይንገሩኝ፣ ትእዛዝ ከመጻፌ በፊት «እስኪ በእጅዎ ያሳዩኝ» እላለሁ።