ልጆችም መርዶ ይነገራቸው
(በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው ሲሞት እድር ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሟቹ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ በሮቢት ጎረቤት ከጎረቤቱ አይለይም። ትልቁ ሰው አብሮት የሚያለቅስም የሚያጽናናውም አያጣም። ዛሬ የምንናገረው ግን በዚያ ግርግር መካከል ማንም ዞር ብሎ ስለማያያቸው ልጆች ነው።

በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ልጁ ግን አስቀድሞ ወደ ጎረቤት ይወሰድና «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ሲመጣ ከረሜላ ያመጣልሃል» ይባላል። ይህ ከርኅራኄ እንጂ ከክፋት አይደለም። ታዲያ ምን ይሆናል? ልጁ የደሴ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። እውነቱንም አንድ ቀን በጠብ መካከል ከእኩዮቹ አፍ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ የቤቱን ሰው ቃል እንዴት ይመን?

ስለዚህ በጣም የሚቀርበው ሰው እቅፍ አድርጎ በአጭሩ «አባባ ሞቷል፤ ተመልሶ አይመጣም» ይበለው። «ተኝቷል» አይባል፤ ልጁ ራሱ መተኛት ይፈራል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና ስለማይገባው በማግስቱም ይጠይቃል፤ ሳንሰለች ያንኑ መመለስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ስላስቸገርኩት ነው የሞተው» ብሎ በሆዱ ይይዘዋል፤ እንዳልሆነ ይነገረው። አልቅሶ ወዲያው ኳስ ቢጫወት ሐዘን የማያውቅ አትበሉት፤ የልጅ ሐዘን እየመጣ እየሄደ ነው። «እንግዲህ አባወራው አንተ ነህ» የሚባለውም ነገር ይቅር። የአሥር ዓመት ልጅ ጫንቃ ይህን አይችልም።

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በከተማችን ግጭት ሲደርስ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ሲገባ፣ ብዙ ቤተሰብ በወጉ ሳያለቅስ ተበትኗል። የደረሰበት ያልታወቀ ዘመድ ያለውም ቤት አለ። እንዲህ ላለው ልጅ «እስካሁን ወሬ የለም» ብሎ የሚታወቀውን ያህል መንገር ነው እንጂ ሞቷልም ይመጣልም ማለት አይገባም። ያኔ በጀርባ ታዝለው የሸሹት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። «እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄያቸው ገና አሁን ነው የሚመጣው፤ ልንቆጣቸው አይገባም።

እድሩም ድንኳን ሲተክል፣ ልጆቹ የሚያውቁትን አንድ ሰው አብሯቸው እንዲውል ይመድብ። ልጁ ቀብር ልሂድ ካለ፣ እንደየእምነቱ ሥርዓት፣ የሚያየው ነገር አስቀድሞ ተነግሮት እጁን የሚይዘው ሰው ይኑር። ትምህርት ቤት ሲመለስ መምህሩ ይወቅ። ወራት አልፎም እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይም «እኔም አባቴ ጋ ልሂድ» ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ በተለይ ልጆች የሚቀርቧችሁ እናቶችና ወጣቶች፣ ስማችሁን ለእድሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።