ሥልጠናውና የምንጠጣው ውሃ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ታክሲ ሥራ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን ስለ ነባር ሕዝቦች ባህል በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚሰጠው ሥልጠና ልናገር ነው። እዚህ ዊኒፔግ በሆስፒታልም ሆነ በፋብሪካ የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ ወስዳችሁታል። «መሬታቸውን የወሰድን እኛ አይደለን፣ ምን ያደርግልናል?» ሲባል እሰማለሁ።

የካናዳ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች 57ኛው የመንግሥት ሠራተኞች፣ 92ኛው የኩባንያ ሠራተኞች ይህን ታሪክ እንዲማሩ ይጠይቃል። ወደ 150,000 ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው የገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ፈጽመው የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ማታ የምናሳፍራቸው እናት ከዚያ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሥልጠናው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ነው። ይህን በል፣ ያን አትበል፤ በቃ።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የማጠናው ታሪክ ነበር። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ መሆኑን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። እዚህም እ.ኤ.አ. በ1871 ከአኒሺናቤና ከክሪ ሕዝቦች ጋር በተፈረመው ውል ቁጥር 1፣ በቃል ከተገባው ተስፋ ብዙው ወረቀቱ ላይ ሳይሰፍር ቀረ። ከ4 ዓመት አቤቱታ በኋላ በከፊል ተስተካከለ፤ ለአንድ ሰው በዓመት 3 ዶላር የነበረው ክፍያም 5 ሆነ። ዛሬም 5 ነው!

ቡና የምናፈላበት ውሃስ? ከ1919 ጀምሮ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣው ከሾል ሌክ ሐይቅ ነው። ለዚሁ ሥራ በተቆፈረው ቦይ ምክንያት የሾል ሌክ 40 ነዋሪዎች ከየብስ ተቆርጠው ደሴት ላይ ቀሩ። መንገድ የተከፈተላቸው በ2019 ነው። እኛ ከቧንቧ ቀድተን ስንጠጣ፣ እነርሱ ከ1997 እስከ 2021 የራሳቸውን ውሃ ሳያፈሉ እንዳይጠጡ ታዘው ኖሩ። መሬቱን አልወሰድንም፤ ውሃውን ግን እንጠጣለን።

የታክሲ ወንድሞቼ፣ ሌሊት የምትገባዋን ሴት መልኳን አይታችሁ «ሒሳቡን አስቀድሚ» አትበሉ። ማስከፈል ካለባችሁ ሁሉንም አስቀድማችሁ አስከፍሉ። በመልክ መጠርጠር ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ2021 ጀምሮ ሴፕቴምበር 30 የእውነትና የእርቅ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ከመስቀል ጥቂት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ የአገሩን ሽማግሌ እዚህ ጋብዘን ታሪኩን ከአንደበታቸው እንስማ። ልጆቻችን ያስተርጉሙልን፤ የቡናውን ወጪ እኔ እችላለሁ።