ዋናው ቁልፍ ሲረሳ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት አይደለም፤ ስለ ቁልፍ ነው። የድሮው የገንዘብ ሣጥናችን በሦስት ቁልፍ ይቆለፍ ነበር፤ አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ። ቁልፍ ቢጠፋ ሠራተኛ ተጠርቶ ይሰበርና ነገሩ ያልቃል። አሁን ግን የአባላት መዝገብና የወር መዋጮው በኮምፒውተር ስለ ገባ ቁልፉም ቃል ሆኗል።

ኮሚቴያችን የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ውስጥ አኑሮ ነበር። ይህ ብዙ ቁልፎች የተከተቱበት ሣጥን ማለት ነው፤ የሚከፈተውም በአንድ ዋና ቃል ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ወራት ሳንነካው ቀረን። በኋላ እንክፈተው ብንል ዋናው ቃል ከአእምሯችን ጠፍቷል! ያን ሰሞን ደግሞ ለቅሶ ገጠመን። ሟች መዋጮውን ሳያጓድል እንደ ከፈለ እያወቅን መዝገቡን ማሳየት አቃተን። በሐዘንተኞቹ ፊት እጅግ አፈርን።

ለድርጅቱ ብንጽፍ «ልንከፍትላችሁ አንችልም» አለን። መጀመሪያ ተናደድን፤ ኋላ ግን ነገሩ ገባን። የባንክ ወይም የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ቢረሳ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው፤ ሒሳቡ በእነሱ እጅ ስላለ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እንደ ቢትዋርደን ያሉ ማስቀመጫዎች ግን የሚቆለፉት ከራሱ ከዋናው ቃል በተሠራ ቁልፍ ነው። ቃሉን ድርጅቱም አያውቀውም። ሌባን የሚከለክለው ይኸው አሠራር የረሳ ባለቤትንም ይከለክላል።

እንግዲህ ይህ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ እስካሁን በጣት አሻራ የሚከፈትበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንዳለ ይፈልግ። ካገኘ ፕሮግራሙን አያጥፋ፣ ከአካውንቱም አይውጣ፤ ቃሎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ይገልብጥ። እኛን ያዳነን የጸሐፊያችን አሮጌ ስልክ ነው። ሌሊቱን ስንገለብጥ አደርን።

ሁለተኛ፣ ሲመዘገብ ማስታወሻ የሚሆን ፍንጭ ጽፎ እንደሆነ በኢሜይል እንዲላክለት ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሆነ አሮጌውን አካውንት ሰርዞ አዲስ መክፈት ነው። በውስጡ የነበረው ይጠፋል። ኢሜይሉንም ሆነ ባንኩን ግን በየራሳቸው መንገድ፣ በስልክ ቁጥርና በመታወቂያ፣ ማስመለስ ይቻላል።

«ገንዘብ ክፈሉኝና ላስከፍትላችሁ» የሚል ከመጣ አትመኑት፤ ድርጅቱ ያልቻለውን እሱ አይችልም።

ወገኖቻችን፣ እድር ማለት ለማይቀረው ቀን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ሰው ሞቶ ድንኳን አይሰፋም። ዋናው ቃል በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ካለ ያ ሰው ሲያልፍ አብሮት ይቀበራል፤ ልጆቹም የአባታቸውን ወረቀትና ፎቶግራፍ ሳያገኙ ይቀራሉ። ስለዚህ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ፣ ውል ከምታስቀምጡበት ቦታ አኑሩት፤ ያለበትንም ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። በአንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ መሰየም ይቻላል። ተጠሪው ሲጠይቅ የተወሰኑ ቀናት ይጠበቃል፤ ባለቤቱ ካልተቃወመ ይከፈትለታል። ይህ የሚሠራው ግን አስቀድሞ ከተሰየመ ብቻ ነው።

ኮሚቴያችንም ተምሯል። አዲሱ ቃል በሁለት የታሸገ ፖስታ ሆኖ በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ እጅ ተቀምጧል። በየዓመቱ ከጉባኤው በፊት ተከፍቶ ይሞከራል፤ ሹም ሲቀየርም ቃሉ ይቀየራል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አስቡበት። ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ እኛንም ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።