ለቢላ የሚሆን ብረት አመራረጥ
(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎች ከቀረበ ንግግር)



በየአጥቢያችሁ የወጣት አንጥረኞችን ማኅበር ለመደገፍ ስትነሡ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥማችሁ ጉዳይ የብረት ግዥ ነው። ነጋዴው የፋብሪካ መቁረጫ የሚሠራበት፣ ስለቱ ቶሎ የማይዶለዱም፣ ዲ-2 የሚባል ብረት እንዳለ ይነግራችኋል። እውነቱን ነው። ይህ ብረት 1.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፤ ሁለቱ ተዋሕደው በብረቱ ውስጥ እጅግ ጠንካራ የሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይፈጥራሉ። ስለቱን ከመበላት የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው።

ይሁን እንጂ ብረቱ በሚገባ የሚጠነክረው 1,010 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ፣ ሙቀቱ ሳይዋዥቅ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ነው። ወናፍና ከሰል እዚያ ሙቀት ላይ ሊያደርሱት ይችላሉ፤ በዚያ ልክ አጽንቶ ማቆየት ግን ለሰው ዓይን የሚቻል አይደለም። ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ በሌለበት ዲ-2 መግዛት ገንዘብን እሳት ውስጥ መጨመር ነው። ቢላው በየቤቱ ሲሸረፍ ደግሞ የሚወቀሰው ብረቱን የመረጠው ኮሚቴ ሳይሆን አንጥረኛው ነው። ማረሻችንን የሠራልንን እጅ በክፉ ስም መጥራት ገና ስላልቀረ፣ ይህ ወቀሳ ቀላል አይደለም።

ሠሪዎቻችን የሚያውቁት የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው። ማግኔት መሳብ እስኪተው፣ ከዚያም ጥቂት ጨምሮ ማጋል፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ወዲያውም በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ በ200 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃዋል። አጥንት ቢነካ እንደ ዲ-2 በቀላሉ አይሸረፍም፤ እናቶችም በቤታቸው ድንጋይ ይስሉታል። ዲ-2ን በዚያ ድንጋይ መሳል ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ነው። አሮጌ ባሌስትራ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ግን ከየክምሩ ቁራጭ ወስዶ፣ አጠንክሮ፣ ሰብሮ ማየት ይገባል። ፌሮን ለስለት አታስቡት፤ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ የቢላ ጥንካሬ አያገኝም።

የብራና መፋቂያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አጥንት አይመታም፤ ቀኑን ሙሉ በቆዳ ላይ እየተሳበ ይበላል። ምድጃው ካለ፣ የዲ-2 ዋጋ ተገቢ የሚሆነው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ወጪ ከመደረጉ በፊት ከቀረበው ብረት አንድ ቢላ በአንጥረኛው በራሱ እሳት ይሠራ። ከዘይቱ እንደወጣ ሞረድ ይሳብበት፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰው አልጠነከረም። ከጠነከረም በምድጃው ካለፈ በኋላ ለአንዲት ባለሙያ እናት ለአንድ ወር ይሰጥ፤ ግዥው የእርሷን ቃል ከሰማችሁ በኋላ ይፈረም።