ከመወርወር በፊት ማየት

ትራውት የተባለው ዓሣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ይወዳል። በኢትዮጵያ መኖሪያው እንደ ወብና ዳንካ ያሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ናቸው። የአገሩ ዓሣ አልነበረም። ከኬንያ መጥቶ ተላመደ።

ትራውት ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ይቆማል። ምግቡን ውሃው ያመጣለታል። ስለዚህ አጥማጁ ከኋላው ይጠጋል። ቀስ ብሎ ይጠጋል። ጥላው ውሃው ላይ ካረፈ ዓሣው ይሸሻል። ዳርቻውን በኃይል ከረገጠም ይሸሻል።

በዚህ የማጥመድ ስልት መንጠቆው ላይ ትል የለም። ላባና ክር ተጠምጥሞበት ዝንብ መስሏል። ይህች ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ የሚወረወረው ወፍራሙ የማጥመጃ ገመድ ነው፤ እሷ ትከተላለች። ውሃው ላይ ስታርፍ ከውሃው ጋር መሄድ አለባት። ገመዱ ከጎተታት ትራውት ብዙውን ጊዜ አይነካትም።

ጥሩ አጥማጅ እንግዲህ መጀመሪያ ይቆማል። ያያል። ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሚበሩ ያያል። ዓሣው የት ብቅ እንደሚል ያያል። የቸኮለ ሰው ወንዙ ባዶ ይመስለዋል፤ የታገሠ ግን በዚያው ውሃ ውስጥ ከድንጋዩ ሥር የሚወዛወዝ ጭራ ይታየዋል። የዚህ የማጥመድ ጨዋታ ትልቁ ደስታ በእውነት እዚህ ላይ ነው፤ ዓሣው ባይያዝም አይጎድልም።

የያዘውን የሚለቅ አጥማጅ መዳፉን አስቀድሞ ያረጥባል። ደረቅ እጅ የዓሣውን ቆዳ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋልና።