ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፤ በፊልም ሥራ ላይ ምን ተማርን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እኛ አምስት የፊልም ተማሪዎች ነን። ባለፈው የካቲት ወር አንድ የቪዲዮ ፊልም ለማንሣት ከወጣ ቡድን ጋር በተለማማጅነት ተመድበን፣ አዳማን መነሻ አድርገን በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ሦስት ሳምንት ሠርተናል። ፊልሙ የሚያሳየው በአዲስ አበባ ገበታ ላይ የሚቀርበው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ዓሣ በስንት ሰው እጅ አልፎ እንደሚደርስ ነው።

የንግግራችን ፍሬ ነገር አጭር ነው። ካሜራ ይዞ ወደ ሰው አገር የሚሄድ ሁሉ ከዚያ ሕዝብ ይበደራል፤ ጊዜውን፣ መልኩን፣ ድምፁን፣ ታሪኩን ይበደራል። ብድር ደግሞ ይመለሳል። ይህንን በክፍል ውስጥ አልሰማነውም፤ በመንገድ ላይ ግን ሥራው ራሱ አስተማረን።

አስቀድመን ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። ከካሜራ በፊት የሚቀድመው መሣሪያ የድጋፍ ደብዳቤ መሆኑን ያወቅነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ደብዳቤው ከከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ ማኅተም የሌለበት እንደ ሆነ የካሜራው እግር ከመኪና አይወርድም። ደብዳቤውን ይዞ በየቢሮው በር መቆም የተለማማጅ ድርሻ ነው። በዚህ የሚያዝን ጓደኛ ቢኖርም፣ የአንድን ከተማ አሠራር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘንም።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። በስምጥ ሸለቆ በቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ትቆማለች፤ ባርኔጣ የደፋ ገበሬ ዓይኑ በጥላ ይሸፈንና ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የፊት ሥዕል የሚነሣው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማልና የዘገየ ሰው እስከ ነገ ይጠብቃል።

ከሁሉ የከበደን ግን ነፋሱ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ለአገር መብራት የሚሰጠው ይኸው ነፋስ የማይክራፎን ጠላት ነው። ማይክራፎኑን ጠጉራም ልብስ አልብሰን፣ ግድግዳ ተከልለን፣ ወደ ተናጋሪው አፍ አስጠግተን እንኳ ብዙ ንግግር በነፋስ ተበልቶ ቀርቷል። በዚህ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና ድምፅና የባጃጁ ጩኸት አለ። የድምፅ ባለሙያው በየቦታው ሁሉንም ሰው ዝም አሰኝቶ የቦታውን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ይቀዳ ነበር። ይህ ጸጥታ በኋላ ሥዕሎቹ ሲቀጣጠሉ ከሥር የሚነጠፍ ነው፤ የአዳማ ጸጥታና የባቱ ጸጥታ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ማታ ማታ ደግሞ የቀኑን ሥራ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ማስረከብ የእኛ ተግባር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ።

በቡድኑ ውስጥ ከእኛ ሌላ ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነበር። ከእኛም አንዲት ጓደኛችን የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው። በመቂ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአማርኛ ሲጠየቁ «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው በሁለት ቃል ጨረሱ። ጓደኛችን በኦሮምኛ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቃቸው ግን ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ውኃ መሳቢያው ነዳጅ፣ ደላላው የማሳውን ዋጋ እንዴት እንደሚቆርጥ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዱ። ካሜራው አንድ፣ ሰውየውም አንድ ናቸው፤ በሁለቱ ቋንቋዎች የተገኘው ፊልም ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። በመጀመሪያው መልስ የሚረካ አዘጋጅ ገበሬው ምንም ችግር የለበትም ብሎ ለአገር ይናገራል። ቋንቋን አለማወቅ እንዲህ ያለውን ሐሰት ሳይታወቀን ያናግረናል።

በዚያው በመቂ ሌላ ነገር አየን። ጫኝና አውራጆች የቲማቲም ሣጥን በአይሱዙ ላይ ሲጭኑ ፊልም ይነሣ ነበር። ለሠራተኞቹ የሚከፈላቸው በጫኑት ሣጥን ቁጥር ነው። የቡድኑ ኀላፊ ሥዕሉ እንዲያምርለት የተጫነውን አውርደው እንደገና እንዲጭኑ አራት ጊዜ አስደገማቸው። ሰዎቹ እንግዳ አክባሪዎች ስለሆኑ እየሳቁ ታዘዙ። በመጨረሻ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጆቼ፣ ሥዕሉ ለእናንተ ይቀራል፤ ለእኛስ ምን ይቀራል?» አሉን። ማታ ይህንኑ ለኀላፊው አቀረብን፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ እንደሌለና ሰዎቹም ደስ ብሏቸው እንደ ሠሩ ነገረን። ለሠራተኞቹ ውሎ አበል የያዘ በጀት፣ ሥዕሉን በላባቸው ለሠሩት የሻይ ዋጋ እንኳ አለመያዙ አሳዘነን።

ይህ ልማድ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1895 በፈረንሳይ አገር የሉሚየር ወንድማማቾች ሠራተኞቻቸው ከፋብሪካ ሲወጡ ያነሡት ዝነኛ ፊልም በሦስት ዓይነት ተነሥቶ ይገኛል፤ ሠራተኞቹ ለካሜራው ደጋግመው ወጥተዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን በባቱ አየነው። እዚያ የካሜራ ባለሙያው ዓሣ አጥማጆቹን አንድም ጊዜ ድገሙ ሳይል፣ ሦስት ጧት ማልዶ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ጀልባ በየቀኑ ይመጣል፤ መረብ በየቀኑ ይራገፋል፤ ዓሣም በየቀኑ ይበለታል። ሥራ በባሕርይው ራሱን ይደግማልና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ማንንም ሳያስቸግር የሚፈልገውን ያገኛል። ከሦስቱ ሳምንት ሥዕሎች ሁሉ ያማሩትም እነዚህ ናቸው።

የፈቃድ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በአርሲ በደረሰ የጠለፋ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ታገደ፤ ክርክሩ የባለታሪኳን ፈቃድ የሚመለከት ነበር። እግዱ በኋላ ተነሥቷል። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ መልካም ዓላማ ያለው ፊልም እንኳ ከፈቃድ ጥያቄ እንደማያመልጥ ነው።

ከሕዝብ ጋር ተባብሮ የተሠራ ፊልም ምን እንደሚመስል ለማየትም ሩቅ መሄድ አያሻም። ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳለ፣ በአብዮቱ ዓመት በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም አነሣ። ጊዜው አጭር፣ ገንዘቡም ጥቂት ነበር። በገበሬውና በባለመሬቱ መካከል የነበረውን ኑሮ ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አይረሳውም። ተማሪ መሆን ከትልቅ ሥራ አያግድም።

እንግዲህ ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ተለማማጅ ከመላኩ በፊት ተማሪው፣ ትምህርት ክፍሉና ቀጣሪው የሚፈርሙበት የአንድ ገጽ ውል ይኑር። የሥራው ዓይነት፣ ምግብ፣ መኝታና መጓጓዣ፣ እንዲሁም የተማሪው ስም በፊልሙ መጨረሻ መጻፉ በዚያ ይገለጥ።

ሁለተኛ፤ የፈቃድ ቅጽ በአካባቢው ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችልም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብለት። «አይሆንም» ማለት እንደሚቻል አስቀድሞ ይነገር።

ሦስተኛ፤ ለፊልም ተብሎ ሥራው ለሚቋረጥበት ሰው የጊዜው ዋጋ በበጀት ይያዝ። አስተርጓሚም እንደ ካሜራ ባለሙያ ተቆጥሮ ስሙና ደመወዙ ይጻፍለት። ሾፌራችን ሦስት ሳምንት ሲያስተረጉም ቆይቶ በሠራተኞች መዝገብ ላይ የተጻፈው «ሾፌር» ተብሎ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ የተጠናቀቀው ፊልም ወደተነሣበት ቦታ ተመልሶ ይታይ። አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ አንሶላና አንድ ጄኔሬተር ካለ የመቂ ገበያ ሲኒማ ቤት ይሆናል። መጀመሪያ መፍረድ ያለባቸው እነዚያ ጫኝና አውራጆች ናቸው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ እንዲያገለግሉ ያደርግ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። የዚያ ዘመን ተማሪ ጠመኔ ይዞ ሄደ፤ እኛ ካሜራ ይዘን እንሄዳለን። ጠመኔው ለሕዝቡ ፊደል ትቶ ተመልሷል። ካሜራችን ምን ትቶ እንደሚመለስ ግን ገና መልስ አላገኘም። አባቶቻችን «ብድር በምድር» ይላሉ። የሽማግሌው ጥያቄ በእኛ ላይ ያለ ዕዳ ነውና፣ ከላይ ባቀረብናቸው ሐሳቦች ላይ ተወያይታችሁ ማኅበሩ ውሳኔ እንዲሰጥበት በትሕትና እናሳስባለን።