ሙኪሽ ተራራ ላይ ለምን ወጣን?



በዘንድሮው የሂሳብ መግለጫ ላይ «የአውቶቡስ ኪራይ፣ ሙኪሽ» የሚል መስመር አለ። ሂሳቡን የምንይዘው እኛ ስለሆንን ጥያቄውም ወደ እኛ መጣ። ለሴቶች መረዳጃ የተሰበሰበ ገንዘብ ለተራራ ጉዞ ይወጣል ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ፤ ምክንያቱን በቃል እንንገራችሁ።

ሙኪሽ በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ በዶኒጎል ያለ ተራራ ነው። አናቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። የሰሜን ሸዋና የትግራይ ልጆች ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ «አምባ!» ብለው ጮኹ። ደብረ ዳሞ ለሴት አይፈቀድም፣ እንግዲያው ይህንን እንውጣ ተባብለን ተሳሳቅን። ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ የአሳማ ጀርባ ማለት ነው። ከፍታው ደግሞ 666 ሜትር! እናቶች ይህን ሲሰሙ አማተቡ፣ ሙስሊም እህቶቻችንም በሳቅ ፈረሱ፤ ታች የቀረ ግን አልነበረም።

የወጣነው በሰሜን በኩል፣ የማዕድን ሠራተኞች መንገድ በሚባለው ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ድንጋዩ የሚንሸራተት ነው። ወደ አናቱ ሲጠጉ የተተወ የአሸዋ ካባ ይገኛል። ነጭና ንጹሕ አሸዋ ስለነበረ ጥሩ መስታወት ይሠራበት ነበር፤ ከተራራው ወርዶ በባሊነስ ወደብ በመርከብ ይጫናል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቆመ። የዛገው ብረት እስከ ዛሬ በየቦታው ወድቋል። ሰዎቹ በየጠዋቱ ያንን ገደል ከወጡ በኋላ ነበር ሥራ የሚጀምሩት። ቤሩት በሰው ቤት የሠራች እህታችን ብረቱን ዳሰስ አድርጋ «እዚህስ ስንት ወገብ ተቆረጠ» አለች።

አናቱ ላይ ሜዳ ነው፤ የድንጋይ ክምርና መስቀል አለበት። ጉሙ ገለጥ ሲል ቶሪ ደሴት ታየችን። ዳቦና ቡና ይዘን ስለነበር እዚያው ቀማመስን።

አብረውን ከወጡት ብዙዎቹ የጥገኝነት ጥያቄያቸው መልስ እስኪያገኝ በመጠለያ የሚኖሩ ናቸው። ለአንድ አዋቂ የሚሰጠው የሳምንት አበል እ.ኤ.አ. በ2019 ነው 38.80 ዩሮ የደረሰው። በዚያ ላይ የስልክ ካርድ አለ፣ የልጅ ፍላጎት አለ፣ ከአገር ቤት «ላኪ» የሚል ድምፅ አለ። ሂሳብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንዴት እንደሚብቃቃ ገና አልገባንም። ለመዝናኛ አውቶቡስ የሚተርፍ እንደሌለው ግን በደንብ እናውቃለን።

ስንመለስ ከተራራው በምዕራብ በኩል የእንባ ድልድይ በሚባለው ቆምን። ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ናት፣ ካልነገሩት ሰው አያያትም። በድሮ ጊዜ ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን ዘመድ ወዳጅ እስከዚህ ይሸኘዋል። ከዚህ በኋላ ሸኚው ይመለሳል፣ ተጓዡ ወደ ዴሪ ወደብ መንገዱን ይቀጥላል። ከእ.ኤ.አ. 1845 ጀምሮ በነበረው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፣ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ደግሞ ተሰድዷል። በየመንደሩ ተጓዥ ከመሄዱ በፊት ያለውን ሌሊት እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ያነጉት ነበር፤ በሕይወት ያለ ሰው ለቅሶ! ከሄዱት ውስጥ ያላገቡ ወጣት ሴቶች እጅግ ብዙ ነበሩ። አሜሪካ ገብተው በሰው ቤት ተቀጠሩ፤ በላኩት ገንዘብ የቤተሰብ የመሬት ኪራይ ተከፈለ፣ የታናሽ እህት የመርከብ ቲኬት ተገዛ።

ይህን ስንሰማ ዝም አልን። የእኛ ድልድይ ቦሌ ነው። እናት ከበሩ ውጭ ቀርታ እጇን ስታውለበልብ ያላየች ከመካከላችን ጥቂት ናት።

በስብሰባችን ላይ ከሰላምታ በቀር ተናግራ የማታውቅ አንዲት እህት ነበረች። ድልድዩ ላይ ተቀምጣ በገልፍ አገር አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዞባት እንዴት እንደወጣች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችን። ይህ ታሪክ በሞላችው ቅጽ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። ሴት በጠረጴዛ ፊት ለፊት ለማታውቀው ሰው የማትናገረው ነገር አለ። በሳምንቱ ከጠበቃ ጋር አገናኘናት፤ ቃለ መጠይቋ ከመድረሱ በፊት ተጨማሪ መግለጫ አስገብታለች። ውሳኔው ገና ነው፣ እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ መስመሩን በሚቀጥለው ዓመት በጀትም አስገብተነዋል፣ እንድታጸድቁልንም እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችን ደግሞ አብራችሁን ብትወጡ ደስ ይለናል፤ የአያቶቻችሁን ታሪክ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሌላው የጫማ ነገር ነው። ግማሾቻችን ያንን ዳገት የወጣነው በሸራ ጫማ ነው። በቤታችሁ የማታደርጉት የተራራ ጫማ ካለ ቢሮ አምጡልን፤ የሚያስፈልገን ከ36 እስከ 40 ቁጥር ነው።